በባሕር ሥር ያለፈችው ምንጭ

በሲሲሊ ደሴት፣ በሲራኩስ ከተማ፣ ከባሕሩ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቃ የምትፈልቅ ምንጭ አለች። ዛሬም ደንገል በቅሎባታል። የጥንቶቹ ግሪኮች ጨዋማው ባሕር አጠገቧ ሳለ ንጹሕ ውኃ የምታመነጨው ከምን ተነሥታ እንደሆነ ይተርኩ ነበር።

አሬቱሳ የምትባል ቆንጆ በፔሎፖኔዝ፣ በአልፌዮስ ወንዝ ገላዋን ስትታጠብ የወንዙ አምላክ አያትና ከጀላት። ሸሸች፤ አሳደዳት። ሲደክማት የአደን አምላኳን አርጤምስን ተማጸነች፤ አርጤምስም ውኃ አደረገቻት። በባሕር ሥር ተጉዛ ሲራኩስ ላይ ፈለቀች። በኦሎምፒያ ወንዙ ውስጥ የወደቀ ጽዋ በዚህችው ምንጭ ወጣ የሚሉም ነበሩ፤ የመልክዐ ምድር ጸሐፊው ስትራቦን ግን አልተቀበላቸውም።

ሲራኩስን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከቆሮንቶስ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከአገሩ በባሕር ለተለየ ሕዝብ ይህ ተረት ትልቅ ነገር ነው፤ ከእናት ምድር የመጣ ውኃ ደጃፉ ላይ ይፈስለታል። የከተማዋ የብር ሳንቲሞች ለብዙ ዘመን በአራት ዶልፊኖች የተከበበች ሴት ይዘው የወጡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከሁሉ የምትበልጥብኝ ግን የሳንቲም ቀራጩ ኪሞን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም የቀረጻት ናት። የዘመኑ ቀራጮች ፊትን ከጎን ማሳየት ይመርጡ ነበር፤ ከፊት ለፊት የተቀረጸ ፊት አስቸጋሪ ነው፣ በእጅ ሲዘዋወርም አስቀድሞ አፍንጫው ይሟሽሻል። ኪሞን ደፈረ። 17 ግራም ያህል በምትመዝን ብር ላይ አሬቱሳ ፊት ለፊት ታያለች፤ ጸጉሯ በውኃ ውስጥ እንዳለ ተበትኗል፣ ዶልፊኖቹም በጸጉሯ መካከል ይዋኛሉ። ይህን ሁሉ ማተሚያው ላይ ገልብጦ፣ ወደ ውስጥ አጎድጉዶ ነው የቀረጸው። ስሟን ከላይ ጻፈ፤ የራሱን ስም ደግሞ በግንባሯ ጌጥ ላይ አሳረፈ። ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ እንደሚፈርም መሆኑ ነው፤ ያውም ገበያ ለሚወርድ ገንዘብ!

ሥራው በፍጥነት ተቀዳ። በቴሳልያ የላሪሳ ከተማ በአሬቱሳ መልክ የራሷን ቆንጆ አተመች። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የፋርሱ ሹም ፋርናባዞስ በኪልቅያ፣ በጠርሴስ ባስመታው ብር ላይ ይኸው ፊት ብቅ አለ፤ ለግብፅ ዘመቻ የተቀጠሩ ግሪካውያን ወታደሮች ደመወዛቸውን የተቀበሉት በእሱ ነው ተብሎ ይታመናል።