ካህን ያልደረሰለት ክርስትና፦ የካፋ ምእመናን ጽናት

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከካፋ በስተሰሜን የነበረው የእናርያ መንግሥት ገዥ ባዳንቾ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ በ1588 እ.ኤ.አ. ሲጠመቅ ክርስትና ሁለቱን አገሮች ከሚለየው ከጎጀብ ወንዝ አቅራቢያ ደርሶ ነበር። የካፋ ክርስትና ታሪክም በአብዛኛው ከዚሁ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስፋፋት ጋር ይያያዛል። ብዙም ሳይቆይ ግን የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ጊቤ አካባቢ ሲስፋፋ ካፋን ከሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን የሚያገናኘው መንገድ ተቋረጠ፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የእናርያ ነገሥታት ራሳቸው ጎጀብን ተሻግረው ወደ ካፋ ሲሸሹ፣ የካፋ ምእመናን ብቸኝነት ተጠናቀቀ።

የዚህ ብቸኝነት ክብደት የሚገባው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የክህነት ሥርዓት ሲታወቅ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አገሪቱን የሚመራው አቡን ከእስክንድርያ የሚላክ ግብጻዊ ሲሆን፣ ዲቁናና ቅስና የሚሰጠው፣ ታቦትም የሚባርከው እርሱ ነበር። ስለዚህ ወደ አቡኑ የሚወስደው መንገድ የተዘጋበት አገር አንድ አረጋዊ ቄስ በሞተበት ቁጥር የሚተካው ሳይኖር ይቀራል፤ ካህን ሲጠፋም ቅዳሴና ቁርባን አብረው ይጠፋሉ። የካፋ ክርስቲያን ፈተና ከሰማዕታት ፈተና የሚለየው በዚህ ነው፤ እምነቱን ካድ የሚለው አሳዳጅ ሳይኖር፣ እምነቱን የሚያስተምረው ሰው ቀስ በቀስ ጠፋበት።

በ1859 እ.ኤ.አ. ካፋ የገባው ጣሊያናዊው የካፑቺን ጳጳስ ጉሊየልሞ ማሳያ፣ በኢትዮጵያ አቡነ ማስያስ የተባለው፣ በዚያ ያገኘው ሕዝብ ክርስቲያን ነኝ የሚል፣ የሚጾም፣ የቅዱሳንን ስም የሚጠራ፣ ነገር ግን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንን ከሞላ ጎደል ያጣ ነበር። የማስያስ ምስክርነት በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል፤ የመጣው የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሊተክል ስለሆነ የቀድሞውን ጉድለት ማጉላቱ አይቀርም። ያም ሆኖ በምስክርነቱ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ፤ የቀረው ሁሉ ያለ ካህን በቤት ሊፈጸም የሚችል ነው። ጾም መጽሐፍም ሆነ ታቦት አይፈልግም፤ ቆጮና ጎመን የዘወትር ምግቡ የሆነ ቤተሰብ ሥጋውንና ወተቱን ትቶ የጾሙን ቀን ሊያከብር፣ እናትም ይህንኑ ለልጇ ልታወርስ ትችላለች። እምነቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው በአብዛኛው ስማቸው ያልተጻፈላቸው እናቶችና አረጋውያን የጠበቁት ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ጽናቱ ዋጋ አስከፍሏል። አስተማሪ ያጣው እምነት ኤቆ ከሚባለው መንፈስና የመንፈሱ ማደሪያ ከሆነው፣ አላሞ ከሚባለው ሰው አምልኮ ጋር ጎን ለጎን ኖሯል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን እንደ ክርስትናው መፍረስ ይቆጥሩታል። ፍርዱ የቸኮለ ይመስላል። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ትምህርት ያልደረሰው ሕዝብ የጾሙንና የበዓሉን ሥርዓት መጠበቁ ራሱ ማብራሪያ የሚሻ ጉዳይ ነው።

ማስያስ በ1861 እ.ኤ.አ. ከካፋ ተባረረ፤ የተከላት ትንሽ የካቶሊክ ማኅበርም እንደ ቀድሞዎቹ ያለ ጳጳስ ቀረች። በ1897 እ.ኤ.አ. የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋን ሲይዝና የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረክ ካህናት በብዛት መጡ፤ የመጡት ግን ብዙ ሕዝብ ካለቀበትና በባርነት ከተወሰደበት ዘመቻ ጋር በመሆኑ፣ ለአገሬው ክርስቲያን ከተለያት ቤተ ክርስቲያን ጋር ዳግም መገናኘቱ በሐዘን የተሞላ ነበር። በ1913 እ.ኤ.አ. ሮም ካፋን ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ፣ ማለትም ገና ሀገረ ስብከት ያልሆነ የሚሲዮን ክልል አድርጋ ለኮንሶላታ የሚሲዮናውያን ማኅበር ሰጠች፤ ሚሲዮናውያኑ መጀመሪያ የገቡት እንደ ነጋዴ ሆነው ነበር፤ ከ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ እነርሱም ለቀው ለመሄድ ተገደዱ። ምእመናኑ ያለ እረኛ ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም።

የዚህ ታሪክ አብዛኛው ክፍል የታወቀው በውጭ ሰዎች ብዕር ነው። በካፋ ዞን ዋና ከተማ በቦንጋ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የአያቶቻቸውን የጾምና የበዓል ሥርዓት የሚያስታውሱ አረጋውያን ከማለፋቸው በፊት፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዞኑ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ትውስታቸውን በካፍኛ ቀድተው፣ ጽፈውና ጠብቀው ሊያኖሩት ይገባል።