የሒሳብ ትምህርት በካቶሊካውያን ትምህርት ቤቶች እንዴት ክብር አገኘ

አንድ የትምህርት ዓይነት በትምህርት ቤት ውስጥ ሥር ሰዶ እንዲኖር ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው በሰዓት ድልድል ላይ የተወሰነ ጊዜ፣ ሁለተኛው ለመምህሩ የሚሰጠው ክብር፣ ሦስተኛውም በምርመራ የተገኘውን እውነት ያለ ፍርሃት የመናገር ፈቃድ ነው። እነዚህ እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጐደለ ድስቱ አይቀመጥም። ለዚህ ነገር ከታሪክ ምስክር የሚሻ ሰው ቢኖር፣ ኢየሱሳውያን (ዠዝዊት) የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ያቋቋሟቸውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ይመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩ በ1540 በሮማው ጳጳስ ከተፈቀደ በኋላ፣ በ1548 በሲሲሊያ ደሴት በመሢና፣ በ1551 ደግሞ በሮማ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆቹ አስቀድመው የላቲን ሰዋስው፣ ቀጥለውም ሥነ ጽሑፍንና የንግግር ጥበብን ይማሩ ነበር። ይህን የፈጸሙት ወደ ፍልስፍና አልፈው ሎጂክን፣ የተፈጥሮን ፍልስፍናና ሜታፊዚክን ሦስት ዓመት ይከታተላሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሒሳብ ስፍራ ከግርጌ ነበረ። ከፍልስፍና መምህራን መካከል ሒሳብ የነገሮችን ምክንያት ስለማያስረዳ ከእውነተኛ ዕውቀት አይቈጠርም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ተማሪውም ከመምህሩ የሰማውን ንቀት ይዞ ይወጣ ነበር።

ይህን ንቀት ተነሥቶ የተቃወመው በ1538 በጀርመን አገር በባምበርግ የተወለደው ክሪስቶፎር ክላቪዩስ ነው። ዕድሜውን አብዛኛውን በሮማ ኮሌጅ ሒሳብ በማስተማር አሳለፈ፤ በ1574 የኤውክሊድስን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ከሰፊ ማብራሪያ ጋር በላቲን አሳተመ። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዘመን አቆጣጠሩን በ1582 ባሳረሙ ጊዜም ከሊቃውንቱ ጉባኤ አንዱ ነበረ፤ ሥራውንም በጽሑፍ አብራርቶ የተከራከረለት እርሱ ነው። ያን ጊዜ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ኦክቶበር 15 ተባለና 10 ቀን ተዘለለ። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ክብደት ወዲያው ይረዳል። እኛ በአሮጌው ስሌት ስለ ጸናን ልዩነቱ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል፤ የኛ የልደት በዓል በነሱ ጃንዋሪ 7 ቀን የሚውለውም ስለዚህ ነው።

ክላቪዩስ በ1580ዎቹ ዓመታት ለማኅበሩ አለቆች ባቀረበው ጽሑፍ የጠየቀው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የሒሳብ መምህር በታላላቅ የክርክር ጉባኤዎች ላይ እንደ ሌሎቹ መምህራን ተጠርቶ ይገኝ፤ የፍልስፍና መምህራንም በተማሪዎች ፊት ሒሳብን ከማጥላላት ይቈጠቡ፤ ዝንባሌ ያላቸው ወጣቶች ለብቻቸው ተሰብስበው ከፍ ያለውን ሒሳብ ይማሩ አለ። መምህሩ ሲናቅ ትምህርቱ አብሮ እንደሚናቅ አስቀድሞ ተገንዝቦ ነበር።

ልፋቱ ከንቱ አልቀረም። በ1599 የወጣው የማኅበሩ የትምህርት ሥርዓት ደንብ፣ የተፈጥሮን ፍልስፍና የሚማሩት ሁሉ በትምህርት ሰዓት ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል የኤውክሊድስን ጂኦሜትሪ እንዲማሩ አዘዘ። ከሁለት ወር በኋላ ጂኦግራፊ ወይም የሰማይ አካላት ትምህርት ይጨመርላቸዋል። በየወሩ፣ ቢያንስ በየሁለት ወሩም፣ አንድ ተማሪ በፍልስፍናና በሃይማኖት ትምህርት ተማሪዎች ጉባኤ ፊት ቆሞ አንድ የታወቀ የሒሳብ ጥያቄ ይፈታል። ወጣቱ በአደባባይ የሚመሰገንበት ነገር እንዲሆን በማድረግ ሒሳብን ከግርጌው አነሡት።

ፍሬውም ሩቅ ደረሰ። የክላቪዩስ ተማሪ የነበረው ማቴዎ ሪቺ በ1607 ከቻይናዊው ሊቅ ከሹ ጓንግቺ ጋር ሆኖ የኤውክሊድስን የመጀመሪያዎቹን 6 ክፍሎች ወደ ቻይንኛ መለሰ። በፈረንሳይ አገር በ1604 በተከፈተው በላ ፍሌሽ ኮሌጅ የተማረው ሬኔ ዴካርትም፣ በልጅነቱ ከትምህርቶቹ ሁሉ ይልቅ ስለ ማስረጃው ጽናት በሒሳብ ይደሰት እንደ ነበረ በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል።

ነገር ግን ያው የ1599 ደንብ ለሒሳብ ጊዜና ክብር ሲሰጥ፣ የፍልስፍናውን መምህር በዋና ዋና ነገሮች ከአርስጣጣሊስ እንዳይርቅ አስሮታል። የእስራቱ ጉዳት ወዲያው ታየ። ጋሊሌዎ በመነጽሩ (በቴሌስኮፕ) ያየውን በ1610 ካሳተመ በኋላ፣ ካርዲናል ቤላርሚኖ በኤፕሪል 1611 የሮማን ኮሌጅ የሒሳብ ሊቃውንት እውነት እንደ ሆነ ጠየቋቸው። አራቱ መምህራን በጁፒተር ዙሪያ አራት ከዋክብት እንደሚዞሩ መሰከሩ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ያለፈው ክላቪዩስ የጨረቃ ፊት ወጣ ገባ መሆኑን ብቻ አልተቀበለም፤ የቀረውን ግን ከባልደረቦቹ ጋር ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት በ1612 ዐረፈ።

ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። በ1616 የኮፐርኒክ መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ ታገደ፤ በ1633 ጋሊሌዎ ተፈረደበት። ዴካርት ይህን በሰማ ጊዜ ስለ ዓለም የጻፈውን መጽሐፍ ከማሳተም ተመለሰ። በኮሌጆቹ የሚያስተምሩትም ሊቃውንት መለካትና ማስላት ባይከለከሉም፣ መሬት ትዞራለች ብለው እንደ እውነት ማስተማር አልቻሉም። የኮፐርኒክ መጽሐፍ ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር የጠፋው በ1835 ነው። ይህን ያህል ዘመን የሚያውቀውን ደብቆ የሚያስተምር መምህር ምን ያህል እንደሚከብደው አንባቢ ይፍረድ።

የዚህ ማኅበር አባላት በኛም አገር በዘመናዊው ትምህርት አሻራቸውን ትተዋል። ከ1945 ጀምሮ ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን በመንግሥት ጥሪ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አስተዳደሩ፤ ከነሱም አንዱ ዶክተር ሉስዬን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባ ፒየር ጉዋን ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመርመሪያ ጣቢያ አቋቁመው፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 አሳትመዋል። ኢየሱሳውያኑ የተጠሩት ለማስተማር እንጂ ለመስበክ አልነበረም፤ የመሬትን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያም የሃይማኖት ክርክር አላስነሣም።

እንግዲህ የትምህርት ሥራ በእጁ ያለ ሹም ሁሉ የሳይንስ ክፍል ሲከፍት ሰዓቱን በድልድል ላይ መጻፍ ይቀለዋል። የሒሳብ መምህሩን ከሌሎቹ ባልደረቦቹ ጋር እኩል ማስቀመጥ ከዚያ ይከብዳል። ተማሪው በመሣሪያ ያየውን መጽሐፉ ባይለውም እንዲናገር መፍቀድ ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የሮማ ኮሌጅ ሊቃውንት የተቸገሩትም በዚህ በሦስተኛው ጉልቻ ነበር።