የትኛውን ቋንቋ እንማር? (ከአባ ጎርጎርዮስ እስከ ሁለተኛው ባቡር)

በየቤታችን አንድ ደብተር አለ። የመጀመሪያዎቹ አስር ገጾች በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተሞልተዋል። ሰላምታ፣ የሳምንቱ ቀናት፣ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ባለፈው ሰሞን አምስታችንም ደብተሮቻችንን ሰብስበን ብንቆጥር ሁለት የፈረንሳይኛ፣ አንድ የቻይንኛ፣ አንድ የጀርመንኛ፣ እንዲሁም "ድራማውን ያለ ትርጉም ለማየት" ተብሎ የተጀመረ አንድ የኮሪያኛ ደብተር አገኘን። የአምስት የጋዜጠኝነት ምሩቃን የቋንቋ ታሪክ እንግዲህ ይህን ይመስላል!

ስንጀምር አሳባችን ሌላ ነበር። የማታ ክፍል ተመዝግበናል፣ ከማትተርፍ ደሞዛችን ቆርጠን ከፍለናል፣ ስልካችን ላይ አረንጓዴዋን የዱኦሊንጎ ጉጉት ጭነናል። ሁላችንም ከመመዝገባችን በፊት የጠየቅነው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፤ "የትኛው ቋንቋ ያዋጣል?"

ይህን ጥያቄ የፈጠርነው እኛ መስሎን ነበር። ለካ የአያቶቻችን ጥያቄ ኖሯል። እስቲ ወደ ኋላ ሄደን እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

የመጀመሪያው ባቡር

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት በ1908 ሲያስከፍቱ ካህናቱ ባዕድ ሃይማኖት ይገባል ብለው ስለሰጉ መምህራኑ ከግብጽ ኮፕቶች ዘንድ እንዲመጡ ተደረገ። ልጆቹ ከተማሯቸው ነገሮች ዋናው ቋንቋ ነበር። እንግሊዝኛም ጣልያንኛም ነበረ፤ የዘመኑ ንጉሥ ግን ፈረንሳይኛ ነው።

ለምን ቢሉ ባቡሩ ነዋ! ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ኩባንያው የፈረንሳዮች ስለነበር የሐዲዱ ሥራም በፈረንሳይኛ ይካሄድ ነበር። ዛሬ "ላጋር" ብለን ታክሲ የምንሳፈርበት ሰፈር ስሙ በቀጥታ "ባቡር ጣቢያው" ማለት ነው። "ቢሮ" ስንልም ሆነ "ሹፌር" ስንል ሳናውቀው የዚያን ዘመን ደብተር እያነበብን ነው።

ራስ ተፈሪ በልጅነታቸው ሐረር ላይ ፈረንሳይኛ የተማሩት ከጓዴሎፑ ተወላጅ ከዶክተር ቪታሊየንና ከአባ ሳሙኤል ነው። አባ ሳሙኤል በ1915 ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ሕይወታቸው ሲያልፍ ተማሪያቸው ከዚያው አደጋ ተረፉ። እኚሁ ተማሪ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ ማወቃቸውን ሁሉም ያውቅ ነበር። የጣልያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያውኳቸው ቢሞክሩም ንግግራቸውን ያደረጉት በአማርኛ ነው። የውጭ ቋንቋ ማወቅ ማለት ሁልጊዜ በእርሱ መናገር ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ቀን የተሻለ የሚያስረዳ ያለ አይመስለንም።

ጊዜው ሲዞር

በዚያን ዘመን ልጁን ፈረንሳይኛ ያስተማረ አባት የነገውን ቋንቋ የመረጠ መስሎት ነበር። ነገ ግን ሌላ ይዞ መጣ።

መጀመሪያ ጣልያን ለአምስት ዓመት መጣ። ማንም ሳይመዘገብ፣ ማንም ክፍያ ሳይከፍል ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ። መካኒኮቻችን እስከ ዛሬ መኪና የሚፈቱት በጣልያንኛ ነው ማለት ይቻላል።

በ1941 ጣልያን ተባሮ እንግሊዞች አብረው ሲገቡ ዘመኑ የእንግሊዝኛ ሆነ። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ አስተማረ። የሚያስቀው ነገር የመጀመሪያው ኃላፊ ዶክተር ሉሲየን ማት የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ መሆናቸው ነው! በ1962 ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን እስከ ክፍለ ሀገር ድረስ ተሰማሩ። ፈረንሳይኛ ያጠኑት አዛውንት ድንገት "የድሮ ሰው" ተባሉ።

እንግሊዝኛውም ብቻውን አልቆየም። ከ1974 በኋላ ሶሻሊዝም ሲታወጅ ወጣቶች በሺዎች ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላኩ። ሞስኮ የደረሰ ተማሪ ሕክምናውን ወይም ምህንድስናውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ከሩስያኛ ጋር ይታገላል። በሶማሊያው ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ልጆች ወደ ኩባ ተሻግረው የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ በስፓኒሽ ተማሩ። በ1991 ደርግ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። "የነገ ቋንቋ" የተባለው እንደገና የትናንት ሆነ።

ፈረንሳይኛ ሞተ ብለው የተሰናበቱትስ? እነሱም ተሳስተዋል። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫውን አዲስ አበባ ሲያደርግ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እንደገና ተፈላጊ ሆነ፤ ዛሬም አፍሪካ ኅብረት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ባቡር

በ2016 አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። የዘረጉት ቻይናውያን ናቸው። ኢትዮጵያውያን ባቡር ነጂዎችም ለሥልጠና ወደ ቻይና ሄዱ። እኛም "ጊዜው የቻይና ነው!" ብለን ተንጋግተን ተመዘገብን። የመጀመሪያው ባቡር አያቶቻችንን ፈረንሳይኛ እንዳስጀመራቸው ሁለተኛው እኛን ቻይንኛ አስጀመረን።

ከመካከላችን አንዱ ሦስት ወር ቆየ። አራቱ የድምፅ ቃናዎች አደናገሩት። አንዱ ቃል እንደ አነጋገሩ እናት ወይም ፈረስ ይሆናል። ልጁ በየዋህነት አስተማሪዋን ስለ ፈረሷ ደህንነት ጠየቃት። ሳቁን ቻለው፤ ያልቻለው ሒሳቡን ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ለአንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፈረንሳይኛን በ30 ሳምንት፣ አማርኛን በ44 ሳምንት፣ ቻይንኛን ግን በ88 ሳምንት ወይም በ2,200 የክፍል ሰዓት ያስተምራል። ያውም ሥራዬ ብሎ ቀኑን ሙሉ ለሚማር ሰው! እኛ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነበር የምንማረው። 2,200ን ለሦስት ስናካፍለው 733 ሳምንት፣ ማለትም 14 ዓመት ገደማ ይመጣል። በ14 ዓመት ውስጥ ደግሞ ጊዜው የማን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ከላይ ያየነው ታሪክ እንደሚነግረን ከሆነ የቻይና ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ተስፋ ልንቆርጥ ነበር። ሆኖም ታሪኩን መልሰን ስናየው አንድ ነገር አስተዋልን። ጊዜው ሲዞር ቋንቋቸው ያልከሰረባቸው ሰዎች ነበሩ።

ያልከሰሩት

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገና በልጅነታቸው ሩስያ ሄደው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። በኋላ ያቺ የዛሮች ሩስያ በ1917 ጠፋች። በ"ያዋጣል" ሒሳብ ከሄድን ሩስያኛቸው ከሰረ። እርሳቸው ግን ፈረንሳይኛም ጨምረው የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ በማድረግ "የአውሬዎች ኮመዲያ"ን ጻፉ። በአማርኛ የመጀመሪያው ቲያትር ሆነ። የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። በ1868 መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ ሲወድቁ የእንግሊዝ መኮንን ሕፃኑን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ እንግሊዝኛ እየተናገሩ አደጉ፣ ሐኪም ሆኑ። ከዓድዋ በኋላ አገራቸውን ፈልገው ሲመጡ አማርኛ አያውቁም ነበር። ለእርሳቸው የውጭ ቋንቋው አማርኛ ነው! በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ከፊደል ጀምረው ተማሩት፤ በኋላም በዚሁ ቋንቋ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉበት። አማርኛ ያኔ "ያዋጣል" ብሎ የመከራቸው ሰው ያለ አይመስለንም። ዘመዶቻቸው በዚያ ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ ይኸው በቂ ነው።

ከሁሉም በላይ የገረመን ግን ጀርመናዊው ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን የጀመረው በእጁ ከገቡ ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ነው። ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። በ1649 ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያኑ መነኮሳት ማረፊያ ሄዶ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አንዱ የመጽሐፍ ግዕዝ ይዞ፣ ሌላው ከአገሩ የተሰደደ መነኩሴ ሆኖ ተገናኙ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተጋብዘው ጀርመን ጎታ ቤተ መንግሥት ገቡና አብረው ሠሩ። ሲለያዩም በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ ሊያቆም ይችል ነበር። የሚያወራው ሰው አጥቷል፤ ኢትዮጵያንም በሕይወቱ አልረገጣትም። እርሱ ግን በ1661 የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። የመጨረሻው የወጣው ወዳጁ ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ለአርባ ዓመት የሚዘልቅ "ሞቲቬሽን" ከየት ይመጣል? ከገበያው አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ አማርኛ ለሚችል ሰው የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አልነበረም። ሉዶልፍ የዘለቀው በዚያ ቋንቋ አንድ ሰው ስላወራው ነው።

አክስታችን

ይህን ስናወራ ከመካከላችን አንዷ ዝም አለች። ቆይታ "አክስቴስ?" አለችን።

አክስቷ ቤይሩት ውስጥ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። አንድ ቀን ክፍል ሳትገባ፣ አንድ ደብተር ሳትገዛ አረብኛውን እንደ አገሬው ታንበለብለዋለች። ጓደኛችን ደግሞ የፈረንሳይኛ የምስክር ወረቀት ይዛ ቡና ማዘዝ ያቅታታል። የአረብኛ ሥራ ማስታወቂያ አይታ "እትዬ፣ አንቺ አስተምሪኝ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ እኮ ይቀላል" ብላ ለምናት ነበር። እውነቷን ነው፤ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። ቤት "በይት" ነው፣ ዓይን "ዐይን" ነው፣ ነፍስ "ነፍስ" ነው።

አክስቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል "እኔ የማውቀው አረብኛ ለሰው የሚያስተምሩት አይደለም" አለቻት። "አምጪ፣ ውሰጂ፣ አጥቢ፣ ዝም በይ። እሱን ነው የተማርኩት።"

እኛ ስለ ቋንቋ ስናወራ ይህን ረስተን ነበር። መቅደላ ላይ የተወሰደው ሕፃን እንግሊዝኛውን አልመረጠም። ኩባ የሄዱት ልጆች ስፓኒሽን አልመረጡም። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ እስራኤል የገቡት ቤተሰቦችም ዕብራይስጥን የተማሩት በግድ ነው፤ ልጆቹ ቶሎ ስለለመዱት ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ። "የትኛውን ልምረጥ?" ብሎ ሻይ እየጠጡ መጨነቅ ራሱ ትልቅ ዕድል ኖሯል። ደብተራችንን ባየነው ቁጥር ይህን ልናስብ ይገባናል።

ጓደኛችን አልተጫነቻትም። ስለ ሥራ ማስታወቂያውም ዳግመኛ አላነሳችም። በሌላ ቀን ሄዳ ስለ ቤይሩት ብቻ ጠየቀቻት፤ ባሕሩን፣ ጎረቤቶቿን፣ እሑድ እሑድ ከአገሯ ልጆች ጋር የምትገናኝበትን ቦታ። ብዙ አወሩ። ሲመሽ አክስቷ ራሷ ጀመረችው።

"ሰባህ ኤል ኼር በይ።"

"ምን ማለት ነው?"

"እንደምን አደርሽ ነው። መልሱ ደግሞ ሰባህ ኤን ኑር ነው። መልሱንም አብረሽ ያዥው፤ እኔ ሰባት ዓመት ስለው የሚመልስልኝ አልነበረም።"

አሁን በየማክሰኞው ማታ ይማማራሉ። ያዋጣ እንደሆን አናውቅም። ደብተሩ ግን አስራ አንደኛውን ገጽ አልፏል፤ ከአምስታችን የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ የእኛ ምክር አጭር ነው። "የትኛው ቋንቋ ያዋጣል?" የሚለውን ጥያቄ ለባቡሮቹ እንተውላቸው፤ እነሱ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት "በዚህ ቋንቋ ከማን ጋር ነው የማወራው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ካላችሁ፣ ወይም ልታነቡት የጓጓችሁለት መጽሐፍ ካለ ጀምሩ። ከሌለም ገንዘባችሁን ያዙና መጀመሪያ ሰውየውን ፈልጉ። ምናልባት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈ ይሆናል።

ሰባህ ኤል ኼር ብለናል። መልሱን ታውቁታላችሁ። ቸር ሰንብቱ!