የመመለሻ ወረቀት

ፓስፖርቴ ጊዜው ማለፉን ያወቅሁት መርከቡ ሊነሣ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። የታላቅ እኅቴን ስድሳኛ ዓመት ልደት ምክንያት አድርገን፣ ከማያሚ ወደብ ተነሥቶ ባሃማስንና ሜክሲኮን ዞሮ በሚመለስ የሽርሽር መርከብ ላይ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሊሳፈር ተስማምቶ ነበር። ሰማያዊውን ደብተር ከመሳቢያ አውጥቼ ብገልጠው ዘመኑ ካበቃ ሁለት ወር ሆኖታል። መቼም ስደት ያሳደገን ሰዎች «ወረቀት ጎደለ» ሲባል የምንደነግጠው ድንጋጤ ሌላ ነው። እኅቴ ግን በስልክ ሳቀችብኝ። «አንተ ደግሞ! የዜግነት ወረቀትህንና መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ና» አለችኝ።

ደንቡን አገላብጬ ሳነበው እውነቷን ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አሜሪካዊ ዜጋ በባሕር ወደ አገሩ ሲመለስ ፓስፖርት ወይም አቻ ሰነድ እንዲያሳይ የሚያስገድደው ሕግ ጁን 1 ቀን 2009 ሥራ ላይ ሲውል አንዲት በር ገርበብ አድርጎ ትቷል። መርከቡ ወደተነሣበት ወደዚያው የአሜሪካ ወደብ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ፣ መንገዱም ከምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ካልወጣ፣ ዜጋው የልደት ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ከባለፎቶ የመንግሥት መታወቂያ ጋር ይዞ መሳፈር ይችላል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የልደት ወረቀቱ ብቻ ይበቃዋል። ሐኪም ቤት ለወላጅ መታሰቢያ የሚሰጠው፣ የጨቅላ እግር የታተመበት ወረቀት ግን ዋጋ የለውም። መርከቡ የሚነካው አገር ወይም የመርከቡ ኩባንያ ከዚህ የበለጠ ሊጠይቅ ይችላልና አስቀድሞ ማጣራት ያሻል። በመንገድ ላይ ታሞ ወይም መርከብ አምልጦት በባዕድ ወደብ የቀረ ሰውም ያለ ፓስፖርት በአውሮፕላን መመለስ ይቸግረዋል።

ደጋግሜ ያነበብኳት ግን «ወደተነሣበት ወደዚያው ወደብ» የምትለዋን ነበር። ፈቃዱ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሷ ላይ ነው። ተመላሽ ነህና ሂድ፤ ሄደህም ብትውል ብታድር የማንም ሸክም አትሆንም ነው ነገሩ። ይህን ሳስብ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ያነበብኩት የአንድ መርከብ ታሪክ ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሣኝ። እኛ ልንንሸራሸርበት ባሰብነው በዚያው ባሕር ላይ የሆነ ታሪክ ነው።

ሴንት ሉዊስ ይባላል። የሐምቡርግ ኩባንያ መርከብ ነበረች፤ በደጉ ቀን ሽርሽረኞችን ያመላልሱባት ነበር። ሜይ 13 ቀን 1939 ከሐምቡርግ ስትነሣ 937 ተሳፋሪዎች ነበሩባት፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከናዚ የሚሸሹ አይሁድ ናቸው። ወረቀት አልጎደላቸውም። ፓስፖርት ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ከ1938 ጀምሮ በታዘዘው መሠረት በላዩ ቀይ «ጄ» ፊደል ታትሞበታል፤ ስማቸው ለይቶ ለማያስታውቅ ወንዶች «እስራኤል»፣ ለሴቶቹም «ሣራ» የሚል ስም በግድ ተጨምሮላቸዋል። የጀርመን መንግሥት ማንነታቸውን እንዲህ አድርጎ የጻፈላቸው ለማስወጣት ነው እንጂ መልሶ ለመቀበል አይደለም። ወደ ሃቫና መግቢያ የኩባ የማረፊያ ፈቃድም በገንዘብ ገዝተዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ፣ የመመለሻ ዋጋ ሳይቀር አስቀድመው እንዲከፍሉ መደረጋቸው ነው።

ካፒቴን ጉስታቭ ሽሮደር ሠራተኞቹን ሰዎቹን በክብር እንዲያስተናግዱ አዘዘ። ሙዚቃ ይመታ ነበር፤ ልጆች ይዋኙ ነበር። ዓርብ ማታ በአዳራሹ ጸሎት ሲደረግ የሂትለር ሥዕል ከግድግዳ ይወርድ ነበር።

ከሐምቡርግ ከመነሣታቸው ስምንት ቀን አስቀድሞ፣ የኩባው ፕሬዚዳንት ፌዴሪኮ ላሬዶ ብሩ አዲስ ድንጋጌ አውጥቶ ነበር። የኢሚግሬሽኑ ሹም ማኑኤል ቤኒቴስ ይሸጣቸው የነበሩት የማረፊያ ፈቃዶች ሁሉ ውድቅ ሆኑ። ከእንግዲህ ለመግባት የሁለት ሚኒስትሮች ፈቃድና የ500 ዶላር መያዣ ያስፈልጋል ተባለ፤ ከመያዣው ነጻ የሆኑት አሜሪካውያን ጎብኚዎች ናቸው። ይህችን ስደርስባት ቀና ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠውን የራሴን ወረቀት አየሁት።

ሜይ 27 ሃቫና ደረሱ። ወረቀታቸው የተሟላላቸው 28 ሰዎች ወረዱ። ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ አንድ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ለቀሩት የወደቡ ደረጃ አልወረደላቸውም። ቀድመው የገቡ ዘመዶቻቸው በትንንሽ ጀልባ መርከቧን እየዞሩ፣ አባት ልጁን፣ ሚስት ባሏን ከታች ሆነው ይጣሩ ነበር።

ጁን 2 መርከቧ ሃቫናን እንድትለቅ ታዘዘች። ካፒቴኑ ወደ ፍሎሪዳ አቀና፤ ተሳፋሪዎቹም የማያሚን መብራት እስኪያዩ ቀረቡ። ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቴሌግራም ላኩ፤ መልስ አላገኙም። ከጀርመንና ከኦስትሪያ በዓመት የሚገቡት 27,370 ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ሕጉ ወስኖ ነበርና፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተራቸውን ይጠብቁ አለ። ከተሳፋሪዎቹ 743ቱ እኮ ያንኑ ተራ የሚጠብቁ ነበሩ።

ጁን 6 መርከቧ ፊቷን ወደ አውሮፓ መለሰች። በልመናና በድርድር አራት አገሮች ተካፈሏቸው፦ እንግሊዝ 288፣ ፈረንሳይ 224፣ ቤልጅየም 214፣ ኔዘርላንድ 181። ጁን 17 አንትወርፕ ላይ ወረዱ። በማግሥቱ ዓመት የጀርመን ጦር ምዕራብ አውሮፓን ወረረ፤ ከነዚያ ተሳፋሪዎች መካከል 254ቱ በእልቂቱ ዘመን ሞቱ።

እኔን መርከብ ላይ የሚያወጣኝ «ይመለሳል» መባሌ ነው። እነርሱን ደግሞ የገደላቸው መመለሳቸው ነው። የእኔን ሽርሽር ከእነርሱ መከራ ጋር ማስተያየቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል፤ ባሕሩ አንድ ስለሆነብኝ ነው።

የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ የድንበር ዘበኛ የሆነውም በአንድ ጀምበር አይደለም። የአሜሪካ ሕግ በ1891፣ ወደብ ላይ የተከለከለውን ሰው ያመጣው ኩባንያ በራሱ ወጪ ይመልሰው አለ። በ1924 ደግሞ ቪዛ የሌለውን የጫነ ኩባንያ ይቀጣ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የአገር በር በአገሩ ዳርቻ ሳይሆን በመሳፈሪያው ጠረጴዛ ላይ ቆመ።

እኔም በዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። የሰጠኋት ዋናውን የዜግነት ምስክር ወረቀት ነው፤ የልደት ወረቀት የለኝም። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2016 ነው፤ እኔ የተወለድኩት ከዚያ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ ነው። እናቴ የምታውቀው በኅዳር ሚካኤል ማግሥት እንደወለደችኝ ነው። በ1984 ከካርቱም ስነሣ ሰነዶቼንና የደረት ራጄን የያዘ የላስቲክ ከረጢት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር። ፎርም የሚሞላው ሰው ዓመቱን ጠየቀኝ፤ ወርና ቀኑን እስክነግረው አልጠበቀም፤ «ጃንዋሪ 1» ብሎ ጻፈ። ከእኔ ጋር የነበሩት አብዛኞቹም ጃንዋሪ 1 ተወለዱ።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አነሣችው፤ ወጣትነቴን በፎቶው አየች፤ ሽበቴን በመንጃ ፈቃዱ አየች፤ መልሳ ሰጠችኝ። ማታ መርከቡ ከወደቡ ሲወጣ ቤተ ሰቡ እራት ላይ ነበር። እኔ ከኋላ በኩል ቆሜ የማያሚ መብራት አንድ በአንድ እስኪጠፋ አየሁ። እኅቴ ፈልጋ አገኘችኝና «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ስለ ሴንት ሉዊስ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ለልጆቹ ነገ ንገራቸው፤ ዛሬ ግን ኬክ ይቆረሳል» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

በሰባተኛው ቀን ጧት ወደተነሣንበት ወደዚያው ወደብ ገባን። መኰንኑ ወረቀቴን ዘረጋና ቀና ሳይል፣ «የትውልድ ቀን?» አለኝ።

«ጃንዋሪ 1» አልኩት።

ማኅተም እንኳ አላስፈለገውም፤ በእጁ እለፍ አለኝ።