የመርፌ ቁልፍ ዋጋ

ልብስን አጣምሮ የሚይዝ የደረት ጌጥ ሁለት የሚቃረኑ ተግባራት አሉበት፤ ጨርቁን መብሳት፣ ከዚያም ከተበሳው ቦታ ሳይላቀቅ መቆየት። አማርኛ ለዚህ ዕቃ ታናሽ ወንድም የሰጠው ስም ሁለቱንም ይዟል፤ መርፌ ይወጋል፣ ቁልፍ ይይዛል። ሁለቱን ለማስታረቅ የተደረገው ጥረት ከ3,000 ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። በውስጡም ዛሬም ያልተቋጨ የኢኮኖሚ ጥያቄ ይገኛል፤ የአንድ ጥሩ ሐሳብ ዋጋ የሚደርሰው ለማን ነው?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ በግሪክና በሰሜን ኢጣሊያ የታዩት ፊቡላ የሚባሉ ማያያዣዎች ከአንድ የነሐስ ሽቦ የተሠሩ ነበሩ። ሽቦው በአንድ ወገን ተጠምዝዞ ሞላ ይሆናል፤ በሌላው ወገን ታጥፎ የመርፌውን ጫፍ ይቀበላል። ምስጢሩ ከቅርጹ ይልቅ በማዕድኑ ጠባይ ላይ ነው። ነሐስ ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፤ ታጥፎ ወደ ቦታው የመመለስ ኃይልም ያገኛል። በእሳት ሲግል ግን ይለሰልሳል። ዛሬም በእጁ የሚሠራ አንጥረኛ ማጠፊያውንና መያዣውን አስቀድሞ በጌጡ ጀርባ ላይ ይበይዳል፤ መርፌውን የሚገጥመው መጨረሻ ላይ፣ እሳት ሳያስነካ ነው። መርፌው ከመሃል ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ ጌጡ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ መያዣውን በመጠኑ የማይገፋ ከሆነም በራሱ ይከፈታል።

ይህን የመሰለው ዕውቀት በእጅ ውስጥ የሚኖር ነው። ቅርጹን ግን ያየ ሁሉ ሊቀዳው ይችላል። በሮማ ግዛት፣ በ1ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ በሞላ ፈንታ ማጠፊያ ያላቸው አንዳንድ ፊቡላዎች በራሳቸው ላይ «አውኪሳ» የሚል ስም ተቀርጾባቸዋል። ከብሪታንያ እስከ ጥቁር ባሕር አካባቢ ተገኝተዋል። ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው፣ ስም ግን የሌላቸው ብዙ ናቸው። ቅርጹን የሚከለክል ሕግ በሌለበት ዓለም ሠሪው በዕቃው ላይ ሊያኖር የሚችለው ስሙን ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1849 ኒውዮርካዊው ዋልተር ሃንት በቁጥር 6,281 የተመዘገበ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለመርፌ ቁልፍ አገኘ። ሞላው ጥንታዊ ነው፤ የሃንት ማሻሻያ የመርፌውን ጫፍ የሚሸፍነውና ጣትን ከመወጋት የሚጠብቀው መያዣ ነው። በተለምዶ እንደሚተረከው ሃንት ይህን የሠራው የ15 ዶላር ዕዳ ለመክፈል ሲሆን፣ መብቱን በ400 ዶላር ሸጧል። ቀደም ሲልም በ1830ዎቹ የልብስ ስፌት መኪና ሠርቶ ሳያስመዘግብ በመቅረቱ፣ መብቱ በ1846 ለኤልያስ ሃው ተሰጥቷል።

ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲነበቡ የተለመደው ማብራሪያ በቂ እንዳልሆነ ይታያል። በስፌት መኪናው ሃንት የጎደለው ምዝገባ ነበር፤ በመርፌ ቁልፉ ግን ምዝገባው አልጎደለም። የወቅቱ የአሜሪካ ሕግ የ14 ዓመት ጥበቃ ይሰጥ ነበር። ትረካው እውነት ከሆነ ሃንት ያልነበረው 14 ዓመት የመጠበቅ አቅም ነው። ገዢው የሚከፍለው ሐሳቡ ወደፊት በሚያስገኘው ልክ ሳይሆን ሻጩ ዛሬ እምቢ ለማለት ባለው አቅም ልክ ይሆናል።

ለገዢዎቹም ፍትሕ ማጓደል አይገባም። የተሸጠው ወረቀት በራሱ መርፌ ቁልፍ አይሠራም፤ ሽቦ የሚስብና የሚያጥፍ መሣሪያ፣ ሠራተኛና ገበያ ያሻል፤ ኪሳራም ቢመጣ የሚደርሰው በገዢው ላይ ነው። ስለዚህ የ400 ዶላሩን ሽያጭ ዝርፊያ ማለት ይከብዳል። ሆኖም አደጋውን የሚሸከም ሁሉ ትርፉን ብቻውን እንዲወስድ የሚያስገድድ የተፈጥሮ ሕግ የለም። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ የሚሰጥ ውል፣ ወይም መብቱን በዋስትና ይዞ የሚያበድር ተቋም ቢኖር ድርድሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የዕደ ጥበብ ባለሙያዎችን ስለመጠበቅ የሚነድፉ ፖሊሲዎች ብዙውን ጊዜ በምዝገባ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይቆማሉ። የመርፌ ቁልፍ ታሪክ የሚያመለክተው ከበሩ ወዲያ ያለውን ነው፤ መብት የተሰጠው ባለሙያ የዛሬን ወጪ የሚሸፍንበት ገንዘብ ከሌለው መብቱን ለሌላ ሰው ያስመዘገበ ያህል ነው።