ከባሕር ዳር እስከ ጅግጅጋ፦ የአየር ርቀቱና የጉዞ ጊዜው

የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ የሶማሌ ክልል ርእሰ ከተማ ጅግጅጋ ደግሞ በሀገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል ይገኛሉ። በባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ እና በጅግጅጋው ገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአቪዬሽን መለኪያ ሲሰላ ወደ 356 የባሕር ማይል ይሆናል፤ አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው።

በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን ርቀት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች በሚበልጥ ጊዜ ይሸፍነዋል። መንደርደሪያው፣ መውጫውና መውረጃው ሲታከልበት ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ቢደርስ ነው።

ይሁን እንጂ የሀገር ውስጥ በረራዎች በአብዛኛው መነሻና መድረሻቸው አዲስ አበባ በመሆኑ የተለመደው ጉዞ በቦሌ በኩል ነው። ከባሕር ዳር እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት ወደ 335፣ ከቦሌ እስከ ጅግጅጋ ወደ 455 ኪሎ ሜትር ነው። በድምሩ 790 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከቀጥታው መስመር በ130 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህ ትርፍ ርቀት ለአውሮፕላን ከሩብ ሰዓት ያነሰ ጉዞ ነው። የተጓዡን ቀን የሚወስደው የቦሌው ቆይታ ነው።

የመጀመሪያው በረራ አንድ ሰዓት፣ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ተጓዡ ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ ቢገኝ፣ በቦሌ 3 ሰዓት ቢቆይና ሻንጣ ለመረከብ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ጠቅላላ ጊዜው ወደ 8 ሰዓት ይጠጋል። በመኪና ግን መንገዱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ አዳርን ጨምሮ ቢያንስ ሁለት ቀን ይጠይቃል።

በዚህ ስሌት ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው የሰዓት አቆጣጠር ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ነው። ስለዚህ 07:15 ማለት ከጠዋቱ 1:15፣ 13:40 ማለት ከቀኑ 7:40 ነው። 07:15ን ከቀኑ 7:15 አድርጎ የተረዳ ሰው አውሮፕላኑ ከተነሣ ከ6 ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ቀኑም የሚጻፈው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም በትኬት ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ተብሎ ይነበባል። ያልገባው ተጓዥ ትኬቱን ሲቆርጥ ቀኑንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጭምር አስጽፎ መያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የትኬት አገዛዝ ነው። ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት የገዛ ተጓዥ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍረዋል። ለየብቻ የገዛ ግን የሁለተኛውን ትኬት ዋጋ ሊያጣ ይችላል። በክረምት ወራት ደመናና ዝናብ በረራ ስለሚያዘገዩ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በመሆኑም የሕክምና ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮው በማለዳ የሆነ ሰው በቀጠሮው ዕለት ሳይሆን በዋዜማው መነሣት ይኖርበታል።