ሳይቆፈር የታየ ጋዝ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ነዳጅ ፈላጊዎች ከሴይስሚክ ሞገድ የሚጠብቁት የዐለቱን ቅርጽ ብቻ ነበር። ድማሚት ያፈነዳሉ፤ ከመሬት በታች ነጥሮ የሚመለሰውን ሞገድ ይመዘግባሉ፤ ዐለቱ ጉብ ያለበት ቦታ ሲያገኙ ይቆፍራሉ። በውስጡ ጋዝ ይኑር ውሃ የሚለየው መሰርሰሪያው ነው። ጋዝ ሲጠበቅ ውሃ ከወጣ፣ ገንዘቡንም ውሃ በላው ማለት ነው።

የሚያስፈልገው ስሌት ግን ቀድሞ ተጽፎ ነበር። በጀርመን ጎቲንገን ይሠራ የነበረው ካርል ዞፕሪትዝ፣ ሞገድ ከአንዱ የዐለት ንጣፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ያህሉ እንደሚመለስና ምን ያህሉ እንደሚያልፍ የሚያሰላ ቀመር አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1908 በ26 ዓመቱ ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1919 ነው። በ1951 ደግሞ የስዊዘርላንዱ ፍሪትዝ ጋስማን በዐለት ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ የዐለቱን ጥንካሬ እንዴት እንደሚለውጥ አሰላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐለቱን እየጨመቀ የሚጓዘው ሞገድ ቀዳዳዎቹ ውሃ ከያዙ ፈጥኖ ያልፋል፤ ውሃ በቀላሉ አይጨመቅምና። ጋዝ ከያዙ ዐለቱ ይላላል፤ ሞገዱም ይዘገያል። ዐለቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ሌላው ሞገድ ግን ውሃም ሆነ ጋዝ ብዙ አይገደውም። ጋዙን የሚያጋልጠው የሁለቱ ልዩነት ነው።

የቀድሞዎቹ መቅጃዎች ብርቱውንና ደካማውን ሞገድ አስተካክለው ስለሚያሳዩ ምልክቱ ተሰውሮ ቆየ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዲጂታል ቀረጻ ሲስፋፋ፣ የሼሉ ባለሙያ ማይክ ፎረስት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጋዝ ባለባቸው ቦታዎች ጎልተው የሚታዩ ምልክቶችን ልብ አለ። ባለሙያዎቹ «ብራይት ስፖት» አሏቸው።

ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም። የድንጋይ ከሰልም፣ የእሳተ ገሞራ ዐለትም እንደ ጋዝ ጎልተው ሊታዩ ይችላሉ። ይባስ ብሎ፣ ውሃ በሞላው ዐለት ውስጥ ጥቂት በመቶ ጋዝ ቢገባ ሞገዱ ሙሉ ጋዝ ያለ ያህል ይዘገያል። ወጪውን እንኳ የማይመልስ ጋዝ ትልቅ ክምችት መስሎ ይታያል።

በ1984 ዊልያም ኦስትራንደር ከካሊፎርኒያው ሳክራሜንቶ ሸለቆ በተገኘ መረጃ አንድ መለያ አሳየ፦ መቀበያው ከፍንዳታው እየራቀ ሲሄድ ጋዝ ካለበት አሸዋ ድንጋይ የሚመለሰው ሞገድ ሊበረታ ይችላል። ይህንን ለማስላት መሠረት የሆነው የሟቹ ወጣት ቀመር ነው።

ኖርዌይም ከ1996 ጀምሮ በሰሜን ባሕር ሥር፣ ስላይፕነር በተባለው ስፍራ የምትቀብረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምትከታተለው በሴይስሚክ ሞገድ ነው። ሞገዱ ጋዝ መኖሩን ይጠቁማል፤ መጠኑን ሲጠይቁት ግን ዛሬም ይወላውላል። ስለዚህ «ከፍተኛ የጋዝ ክምችት ታየ» የሚል ዜና የሰማ አንባቢ በቅድሚያ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ጉድጓዱ ተቆፍሯል ወይ?